የላላው የልብ ግድግዳ፦ ከሃርት አታክ በኋላ ለሚመጣው እብጠት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 

የዛሬው ዝግጅታችን በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ብዙዎቻችሁ ሃርት አታክ በምትሉት፣ ተይዞ ስለተረፈ ሰው ነው። ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ጎረቤትም «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎታል። ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ በኋላ ግን ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሌሊት ሁለት ሦስት ትራስ ካልደረበ አይተኛም፤ ማታ ማታ እግሩ ያብጣል። እንዲህ ከሚሆኑት መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ሲመረመር የተጎዳው የልብ ግድግዳ ሳስቶ፣ ላልቶ፣ ወደ ውጭ አብጦ ይገኛል። ሐኪሞች አኑሪዝም ይሉታል። ይህ እብጠት በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችላል። ማን ይጠገንለት፣ ማን ይቅርበት የሚለው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከዚያም በላይ አብዛኛው ሰው እዚያ ሳይደርስ መዳን ይችል ነበር። ዛሬ ስለ ሁለቱም እናወራለን።

ልብ ለመላ ሰውነት ደም ቢረጭም ራሱ የሚበላው በላዩ ላይ ከተዘረጉት ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ በልብ ፊት ለፊት ወደ ታች፣ እስከ ልብ ጫፍ ይወርዳል። በዚህ ቧንቧ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ ድንገት ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት መንገዱ ይዘጋል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሞላው መሞት ይጀምራል፤ ቧንቧው ሳይከፈት ስድስት ሰዓት ያህል ካለፈ ግድግዳው ከውስጥ እስከ ውጭ ሊሞት ይችላል። የሞተ የልብ ጡንቻ መልሶ አይበቅልም። ሰውነት በቦታው ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ ደግሞ መኮማተር አይችልም። ጠባሳው ሰፊና ስስ ሲሆን፣ ሌላው ግድግዳ ደም ለመግፋት ወደ ውስጥ ሲኮማተር እሱ በግፊቱ ወደ ውጭ ይወጣል።

እዚህ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ፣ ጫኖ ላይ፣ ቦይ ያልጠረገ ገበሬ የለምና ነገሩን በቦይ ላስረዳችሁ። ከሐሬ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣው መስኖ ላይ የቦዩ ዳር በአንድ በኩል ሲለሰልስ ውሃው እየገፋው ኪስ ይሠራል። ተራችሁ ደርሶ ውሃ ሲለቀቅላችሁ ከፊሉ እዚያ ኪስ ውስጥ ሲሽከረከር ይቀራል፤ ታች ያለው የሙዝ ማሳ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ኪሱ ውስጥ ውሃው ስለሚቆም ደለል ይተኛበታል። በልብም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት በግራው የታችኛ ክፍል ካለው ደም ከ55 እስከ 70 በመቶውን ይረጫል። ትልቅ እብጠት ያለበት ልብ ግን ብዙ ጊዜ 35 በመቶም አይሞላለትም፤ የገፋው ደም ከፊሉ ወደ እብጠቱ ይሄዳልና።

ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። አንደኛው የልብ ድካም ነው፤ ትንፋሽ ማጠሩም የእግር እብጠቱም ከዚያ ይመጣል። ሌላው በእብጠቱ ውስጥ እንደ ደለሉ የሚረጋው ደም ነው። ከዚያ ቁራጭ ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው፤ እግር ላይ ከተሰነቀረም እግር ያሳጣል። በሕይወት ያለው ጡንቻና ጠባሳው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ የልብ ምት ይረበሻል፤ ልብ ድንገት በጣም ይፈጥንና ሰውየው ራሱን ይስታል፣ አንዳንዴም በዚያው ይቀራል።

«ይፈነዳል ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁ አትጠፉም። ከጠነከረ ጠባሳ የተሠራው እውነተኛው አኑሪዝም እምብዛም አይፈነዳም። የሚያስፈራው ሐሰተኛ አኑሪዝም የሚባለው ነው። በእሱ የልብ ግድግዳ በእርግጥ ተቀዷል፤ ደሙን አግዶ የያዘው ልብን የሸፈነው ስስ ከረጢትና በዙሪያው የረጋ ደም ብቻ ነው። ይህ ሲገኝ ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በአስቸኳይ ይደረጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ሰዓት እንመለስ። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ በሽታ ትልቁ ጦርነት የሚሸነፈው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያች ሰዓት ላይ ነው።

እንበልና አንድ የ55 ዓመት አባወራ ጠዋት ሙዝ ወደ አይሱዙ እያስጫነ ነው። ደረቱ መሐል ከባድ ነገር የተጫነበት መሰለው። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ሄደ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፤ አቅለሸለሸው። አጠገቡ ያለው ሰው ምን ይለዋል? «ጨጓራህ ነው፣ ቁርስ ሳትበላ ቡና ጠጥተህ ነው» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ላቡን አይቶ «ወባ ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር ጫኖ ላይ ወባን መጠርጠር አያስነቅፍም፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጫኖ ሚሌን የወባ ጥናት ቦታ ያደረጉት በምክንያት ነው። ስለዚህ ተልባ ይበጠበጥለታል፤ የጨጓራ ክኒን ይገዛለታል፤ «ትንሽ ጋደም በል» ይባላል። ማታ ሲብስበት ባጃጅ ይጠራል። በዚያን ጊዜ ግን ጡንቻው ሞቷል።

ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት የደረት ሕመም ልብ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ልብ ነው ተብሎ ይያዝ። በስኳር ሕመምተኞች፣ በሴቶችና በአረጋውያን ላይ የደረት ሕመም ሳይኖር ምልክቱ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአስፕሪን አለርጂ ወይም የሚደማ ጨጓራ የሌለበት ሰው አንድ ባለ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን፣ ወይም ከትንንሾቹ ባለ 81 ሚሊ ግራሞች አራቱን አኝኮ ይዋጥ። ከዚያ ያለ ምንም ማመንታት የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ከጫኖ አርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ እውነተኛ ጥቅሙ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ላይ ይበዛል። በቀጭን ቱቦ ቧንቧውን ገብቶ መክፈትና ስቴንት የሚባል የቧንቧ መደገፊያ ማስቀመጥ የሚቻልበት ቦታ ካለ እሱ ይበልጣል።

በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተካሄደ አንድ ትልቅ የልብ ቧንቧ ሕመም ጥናት ከተመዘገቡት ታካሚዎች ከየ100ው 7 ወይም 8 ያህሉ አኑሪዝም ነበረባቸው። ያኔ የተዘጋ ቧንቧን ቶሎ መክፈት ገና አልተለመደም ነበር። ዛሬ በእነዚያ አገሮች የልብ ሐኪሞች ትልቅ አኑሪዝም የሚያዩት ከድሮው በጣም ባነሰ መጠን ነው። እብጠቱን ያጠፋው የቀዶ ሐኪሙ ምላጭ አልነበረም፤ ቧንቧዎች ቶሎ መከፈታቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በኛ አገር በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። ሃርት አታክ ያገኘው ሰው ወገቡን ወይም ጉልበቱን ሲያመው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ ዲክሎፌናክ ይወጋል፤ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ መድኃኒቶች፣ ስቴሮይድም ጭምር፣ ገና እየዳነ ያለውን ጠባሳ ያሳሳሉ ተብለው ይፈራሉ፤ የልብ ድካምንም ያባብሳሉ። «ልቤን ታምሜ ነበር» ሳትሉ የሕመም ማስታገሻ አትግዙ።

(አጭር ሙዚቃ)

እብጠቱ መኖሩ በምን ይታወቃል? ከሃርት አታክ ሳምንታት ካለፉ በኋላም የኢሲጂው መስመር እንደ መጀመሪያው ቀን ከፍ ብሎ ከቀረ ሐኪሙ ይጠረጥራል። የሚያረጋግጠው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ደረቱ ላይ ጄል ተቀብቶ መሣሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ልቡ በስክሪኑ ላይ ሲመታ ይታያል። ሌላው ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲመጣ አንዱ ቦታ ወደ ውጭ ሲወጣ አስተዋይ ቤተሰብም ያየዋል። አያምም፣ አይወጋም።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1931 ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፈርዲናንድ ሳወርብሩክ የደረት ዕጢ ነው ብሎ የከፈተው ነገር የልብ ግድግዳ እብጠት ሆኖ አገኘው፤ ቆርጦ ሰፋው፤ ታካሚዋም ተረፈች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሥራው የድፍረት እንጂ የዕውቀት አልነበረም፤ ልብ እየመታ እንዴት ይከፈታል? መልሱ የመጣው አሜሪካዊው ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 የልብና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን ታግዞ የተሳካ የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ዴንተን ኩሊ በዚሁ ማሽን እየተረዳ ልብን ከፍቶ አኑሪዝምን ቆርጦ አወጣ።

የኩሊ መንገድ ቀጥተኛ ነበር፤ ያበጠውን ቆርጦ ሁለቱን ጠርዞች በቀጥታ መስፋት። ግን ወደ ቦያችን ብንመለስ፣ የተሸረሸረውን ዳር ለመዝጋት ሁለቱን ወገን ስቦ ማጋጠም ቦዩን ያጠበዋል፣ ያጣምመዋልም። ጎበዝ ገበሬ የቀድሞውን መስመር ይፈልግና አዲስ ዳር እዚያው ላይ ይሠራል። ብራዚላዊው አዲብ ዣቴኔና ፈረንሳዊው ቬንሳን ዶር እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕክምናው ዓለም ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዛሬ የሚሠራው እንዲህ ነው። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳል። የደረት አጥንት መሐል ለመሐል ይከፈላል። ደሙ ወደ ማሽኑ ይዞርና ልቡ እንዲቆም ይደረጋል። ቀዶ ሐኪሙ እብጠቱን የሚከፍተው በጠባሳው መሐል ነው፤ በሕይወት ያለውን ጡንቻ አይነካም። ውስጥ የረጋ ደም ካለ አንዳንዴ እንደ ንጣፍ ተደራርቦ ይገኛል፤ ቁራጩ እንዳያመልጥ እየተጠነቀቁ ያወጡታል። ከዚያ በጣት እየዳሰሰ ድንበሩን ይፈልጋል። ጠባሳው ነጭና ስስ ነው፤ ጡንቻው ቀይና ወፍራም። በዚያ ድንበር ላይ ዙሪያውን ክር ያስገባና ጎትቶ አፉን ያጠባል። አዲሱ ክፍል ከመጠን በላይ እንዳይጠብ አንዳንዶች የተለካ ፈሳሽ የያዘ ፊኛ ውስጥ አስገብተው ይለካሉ፤ ልኩም በሰውየው የሰውነት ስፋት ይወሰናል። በቀረው ቀዳዳ ላይ ከዳክሮን ጨርቅ ወይም ልብን ከሸፈነው ከረጢት የተቆረጠ ልጥፍ ይሰፋል። የተረፈው ጠባሳ በላዩ ይታጠፍና ይደረባል። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሌሎች የተዘጉ ቧንቧዎች ከእግር ወይም ከደረት በተወሰደ የደም ቧንቧ ባይፓስ ይሠራላቸዋል፤ የሚያፈስ ቫልቭ ካለም ይጠገናል። ሥራው ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥቂት ቀናት፣ በአልጋ ክፍል ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ።

ውጤቱስ? በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የልብ ማዕከላት ተባብረው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 የመዘገቧቸው 1198 ታካሚዎች ነበሩ። ከእነዚህ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 5 በመቶ ያህል ናቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ደግሞ 69 በመቶ ገደማ። ልባቸው የሚረጨው በአማካይ ከ30 በመቶ ወደ 40 በመቶ ተጠጋ። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያውስ ሁሉም ይሠራለት» ይላል። ሐኪሞችም ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ስቲች የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። 1000 ታካሚዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ባይፓስ ብቻ፣ ግማሾቹ ባይፓስና የልብ ግድግዳ ጥገና ተሠራላቸው። በሞትም ሆነ በልብ ሕመም ዳግም ሆስፒታል በመግባት በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ተቺዎች ጥገናው የልቡን መጠን የቀነሰው በ19 በመቶ ብቻ ስለነበር ሥራው በቂ አልነበረም ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። የኔ ግንዛቤ ግን፣ ጥናቱ ቀዶ ሕክምናውን አልሻረውም፤ ለሁሉም የሚታዘዝ እንዳልሆነ ግን አሳይቷል።

ስለዚህ ትንሽ እብጠት ኖሮበት ምንም የማይሰማው ሰው በመድኃኒት ይከታተላል። ጥገናው የሚታሰበው መድኃኒት በአግባቡ እየወሰደ ትንፋሽ ማጠሩ ላልለቀቀው፣ የልቡ ምት በተደጋጋሚ ለሚረበሽበት፣ ደም ማቅጠኛ እየወሰደም የረጋ ደም ለሚያስቸግረው፣ ወይም ለባይፓስ ደረቱ ሊከፈት ነውና ትልቅ እብጠትም ላለበት ሰው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በኛ አገር ልብን ከፍቶ የመሥራት ነገር ሲነሳ የዶክተር በላይ አበጋዝ ስም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበርን መሠረቱ፤ ለዓመታት ሕፃናት ወደ ውጭ እየተላኩ ሲታከሙ ቆይተው በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። እዚያ የሚሠራው በአብዛኛው አብሮ የተወለደ የልብ ክፍተትና ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ቫልቭ የሚያበላሸው የልብ በሽታ ነው። የአዋቂዎች ባይፓስ፣ ከእሱም ጋር የአኑሪዝም ጥገና፣ በአገራችን ጥቂት ቡድኖች ብቻ የሚደፍሩት ሥራ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሕክምና ቦርድ ወረቀት አውጥቶ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚጓዘው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቤተሰቦችን ልለምን። የሙዝ ማሳውን ከመሸጣችሁ፣ ከዘመድ ብድር ከመሰብሰባችሁ በፊት የልብ ሐኪሙን ተቀምጣችሁ ጠይቁት። እብጠቱ እውነተኛ ነው ሐሰተኛ? ቀሪው ጡንቻ ከጥገናው በኋላ የሚሸከም አቅም አለው? መድኃኒቱን በሙሉ መጠን ወስዶ አይተነዋል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ «አይ፣ ገና ነው» ይሆናል፤ ያኔ ማሳችሁ አይሸጥም። «ሆስፒታሉን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ደላላ ይህን ሊመልስላችሁ አይችልም።

ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም ያልተደረገለትም ኑሮው እዚሁ ጫኖ ነውና ስለ ገበታ ጥቂት እንበል። የረጋ ደም የተገኘበት ሰው ዋርፋሪን ይታዘዝለታል፤ የደሙ መቅጠን አይኤንአር በሚባል ምርመራ ይለካል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ሺፈራው፣ ጎመንና ሌላው አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። በዚህ አገር ሺፈራው አትብላ ማለት አትኑር እንደማለት ነው፤ አንልም። የምንለው ይህ ነው፦ ሺፈራው የሚገባበትን ቁርቁፋ ሁልጊዜ በለመዳችሁት ልክ ብሉ፤ አንድ ሳምንት ጠግባችሁ ሌላውን ሳምንት አትተዉት።

ሙዝ ፖታሲየም ይዟል። ለልብ ድካም የሚሰጡት እንደ ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ፖታሲየምን በደም ውስጥ ያስቀራሉ፤ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ከፍ ብሎ የልብ ምትን ያዛባል። በቀን ብዙ ሙዝ የምትበሉ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩና ደማችሁ ይመርመር። በቡና ቅጠል ሻይ ላይ የሚጨመረው ጨው ይቀነስ፤ ዳጣውም እንዲሁ። የትምባሆ ጋያም ሲጋራም ይቁም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ደረቱ የተከፈተ ሰው አጥንቱ እስኪገጥም ሁለት ሦስት ወር ሙዝ አይሸከም፣ አካፋና ዶማ አያንሳ፤ ሞተር ሳይክልም አይንዳ።

የመጨረሻ መልእክታችን ሃርት አታክ አግኝቷችሁ ከሆስፒታል ወጥታችሁ ኢኮ ሳትነሱ ለቀራችሁ ሁሉ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ «ኢኮ ይታዘዝልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ በሻሸመኔ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትደርሱ፤ በታመማችሁበት የመጀመሪያ ቀን የተነሳችሁትን ኢሲጂ፣ የመውጫ ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)